ቆሞ የሚናገርና ተኝቶ የሚታከም፦ በመኪና የተገጨ ብስክሌተኛ የሕግ እርዳታ መቼ ያስፈልገዋል?

መኪናና ብስክሌት ተጋጭተው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ቆሞ ይናገራል፣ ሌላው ተኝቶ ይታከማል። አሽከርካሪው ደንግጦ፣ እጁም እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቆሟል፣ አንደበቱም አልተያዘም። ፖሊስ ሲደርስ «ድንገት ገባብኝ» ይላል። ብስክሌተኛው በዚህ ጊዜ ወይ አምቡላንስ ውስጥ ነው፣ ወይ ራሱን ስቷል፣ ወይ ደግሞ ከድንጋጤው የተነሳ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» እያለ ልብሱን ያራግፋል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው የአሽከርካሪው ቃል ይሆናል። ከወራት በኋላ የመድን ድርጅቱ፣ ከዚያም ምናልባት ዳኛው፣ ጉዳዩን ማንበብ የሚጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው።

ለተጎዱ ብስክሌተኞች ስለሚሰጥ የሕግ እርዳታ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ችሎት ፊት ቆሞ ወደሚከራከር ጠበቃ ነው። እኔ ግን እርዳታው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ አይመስለኝም። አብዛኛው የካሳ ጥያቄ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በድርድር ያልቃል፤ የድርድሩን ውጤት የሚወስነው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የተሰበሰበው ወይም የጠፋው ማስረጃ ነው። ተጎጂው አልጋ ላይ ሳለ ስለ እሱ የሚናገርለት ሰው ከሌለ፣ ድኖ ሲነሳ የሚናገርበት ነገር ላያገኝ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 6 በመቶ ያህሉ ብስክሌተኞች ናቸው። ይህ በየዓመቱ ወደ 70 ሺህ ሰው ማለት ነው። ተጎድተው የሚተርፉት ከሟቾቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ ተረፉት ነው።

ማን ያስረዳ?

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አደጋ ደርሶባቸው አንዱ ሙሉ ካሳ ሊያገኝ፣ ሌላው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አደጋው የደረሰበት አገር ሕግ ነው። ከሁሉ የሚከብደውም አንድ ጥያቄ ነው፤ አሽከርካሪው ማጥፋቱን ተጎጂው ያስረዳል ወይስ አሽከርካሪው ራሱ አለማጥፋቱን?

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣችውና በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስትር በነበሩት በሮቤር ባዳንቴር ስም የሚጠራው ሕግ መልሱን በግልጽ ለተጎጂው አድልቶ አስቀምጦታል። ሞተር ባለው ተሽከርካሪ ምክንያት አካሉ የተጎዳ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ የራሱ ጥፋት ካሳውን አይቀንስበትም። ካሳውን የሚያጣው «ይቅር የማይባል» ጥፋት ከሠራና ያም ጥፋት የአደጋው ብቸኛ መንስኤ ከሆነ ብቻ ነው። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ይህን ቃል እጅግ አጥብበው ተርጉመውታል። ተጎጂው ዕድሜው ከ16 በታች ወይም ከ70 በላይ ከሆነ ይህ መከራከሪያም አይነሳበትም፤ ጉዳቱን ሆን ብሎ የፈለገው ካልሆነ በቀር ይካሳል።

ኔዘርላንድስ ተመሳሳይ መንገድ የሄደችው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 በሰጣቸው ተከታታይ ውሳኔዎች ሁለት መለኪያ አቆመ። በሞተር ተሽከርካሪ የተገጨው ብስክሌተኛ ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች ከሆነ ሙሉ ካሳ ያገኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ራሱ ቢያጠፋም እንኳ ቢያንስ የጉዳቱ ግማሽ ይካሳል፤ አሽከርካሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንደገጠመው ካላስረዳ፣ ወይም ብስክሌተኛው እያወቀ ራሱን ለአደጋ ካልሰጠ በስተቀር። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ሩቅ አይደለም። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በፍጥነት እየነዳ ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው አደጋውን አብሮ ይዞ ይወጣል፤ ለዚያም ነው የግዴታ መድን የሚገባው።

ጀርመን ለተጎጂው በሚያደሉት በእነዚህ አገሮችና ሸክሙን በተጎጂው ላይ በሚጥሉት መካከል ትገኛለች ማለት ይቻላል። የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ነገር ግን የብስክሌተኛው ጥፋት እየተመዘነ ካሳው ይቀነሳል። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ግን ሆን ብለው ካላደረጉት በቀር ከሞተር ተሽከርካሪ ጋር በሚደርስ አደጋ ጥፋተኛ አይባሉም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሸክሙ በተጎጂው ትከሻ ላይ ነው፤ አሽከርካሪው ማጥፋቱን ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የተሻሻለው የአገሪቱ የመንገድ ደንብ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችል የመንገድ ተጠቃሚ የበለጠ ኃላፊነት እንዳለበት ቢደነግግም፣ በካሳ ክርክር የማስረዳቱ ሸክም ግን ከቦታው አልተነሳም።

ከሁሉ የሚከፋው በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ያለው ነው። በአላባማ፣ በሜሪላንድ፣ በሰሜን ካሮላይናና በቨርጂኒያ በሚሠራው የቆየ ደንብ ተጎጂው ለአደጋው ትንሽም አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ለምሳሌ ጥፋቱ 1 በመቶ ነው ቢባል እንኳ፣ ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግን ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ይህን ደንብ አንስታ፣ ተጎጂው ካሳ የሚከለከለው ጥፋቱ ከሌላው ወገን ሲበልጥ ብቻ እንዲሆን አደረገች። በሌሎቹ አብዛኞቹ ግዛቶች ጥፋት በመቶኛ ተከፋፍሎ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ቦታ የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አሽከርካሪው ትክክል እንደነበር ማሳየት አይጠበቅበትም፤ ብስክሌተኛው ላይ አንዲት እንከን ማግኘት ይበቃዋል። መብራት አልነበረውም፣ ልብሱ ጥቁር ነበር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ርቆ ነበር፣ ወይም ለጠርዙ በጣም ቀርቦ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ነው። የሕግ እርዳታ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱና ትልቁ ይህ ነው፤ ከእነዚህ ነገሮች የትኛው በእርግጥ የሕግ ጥፋት እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ከአደጋው ጋር ምንም የማያገናኘው ወቀሳ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

የሄልሜቱ ክርክር

ከወቀሳዎቹ ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣው «ሄልሜት አላደረገም» የሚለው ነው። በዚህ ላይ የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የሰጠው ውሳኔ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት ሴት በብስክሌት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ከነበረ መኪና ውስጥ ያለችው አሽከርካሪ በሩን በፊቷ ከፈተችው። ብስክሌተኛዋ ወድቃ ጭንቅላቷ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱ የመኪናዋ አሽከርካሪ መሆኑን ተቀብሎ፣ ነገር ግን ተጎጂዋ ሄልሜት ባለማድረጓ የጉዳቱን 20 በመቶ ራሷ ትሸከም አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። ሄልሜት ማድረግ በሕግ ግዴታ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በከተማ ውስጥ ሄልሜት የሚያደርጉት ብስክሌተኞችም 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አለማድረጓ ከሌላው ሰው የተለየ ግድየለሽነት ነው ሊባል አይችልም የሚል ነበር ምክንያቱ።

ይህ ማለት ክርክሩ በሁሉም ቦታ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ሄልሜት ግዴታ በሆነባቸው አገሮች መልሱ ይለያል፤ በውድድርና በስፖርት ልምምድ ላይ ለነበረ ሰውም እንዲሁ። ግን ግዴታ በሆነበትም ቦታ ቢሆን አንድ ጥያቄ መቅረት የለበትም፤ የተሰበረው እግር ከሆነ ሄልሜቱ ምን ያገባዋል? ጉዳቱን ሄልሜቱ ይከላከለው ወይም ይቀንሰው እንደነበር ማስረዳት ያለበት ያንን የሚለው ወገን ነው፤ ይህም የሐኪም ምስክርነት ይጠይቃል። ጠበቃ የሌለው ተጎጂ ግን «ሄልሜት አላደረግክም» ሲባል አንገቱን ደፍቶ የተቀነሰለትን ይቀበላል።

የበሩን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳያረጋግጡ የተሽከርካሪ በር መክፈትን ይከለክላል። ስለዚህ «ለቆሙት መኪኖች ተጠግቶ ነበር» የሚለው መከራከሪያ መጀመሪያ በሩን ከከፈተው ሰው ግዴታ ጋር ይመዘን።

የማይዋሹ ምስክሮች

ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ልመለስ። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ከሚሠሯቸው ስህተቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ብስክሌቱን ማስጠገን ነው። በቅንነት ነው የሚደረገው፤ ታማሚው ሲነሳ እንዲደሰት ተብሎ። ብስክሌቱ ግን የአደጋው ዋና ምስክር ነው። የፊት ጎማው ተጣሞ ሹካው (ጎማውን የሚይዘው ብረት) ወደ ኋላ ከተገፋ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ካለ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። የኋላ ጎማው ከተጨፈለቀ ከኋላ ተገጭቷል። ፔዳሉ ላይ፣ መሪው ጫፍ ላይ የቀረ የመኪና ቀለም መኪናው በየትኛው ጎን እንደነካው ይናገራል። አሽከርካሪው «ወደ ጎኔ ገባብኝ» ብሎ የኋላ ጎማው ተጨፍልቆ ከተገኘ፣ ቃሉና ብረቱ አልተስማሙም። ስለዚህ ብስክሌቱ እንዳለ ይቀመጥ፤ አይታጠብ፣ አይጠገን፣ አይጣል።

ሄልሜቱም እንዲሁ። በውስጡ ያለው ፎም ሲመታ ይጨፈለቃል እንጂ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የምቱን ቦታና ኃይል ይዞ ይቀራል። ልብሱም ቢቀደድ፣ ቢቆሽሽ ይቀመጥ። «ጥቁር ለብሶ ነበር» ለሚለው ወቀሳ መልሱ ጨርቁ ራሱ ነው። ሆስፒታል ልብሱን ቀድዶ ሊጥለው ስለሚችል ቤተሰብ ቶሎ መጠየቅ አለበት።

የካሜራ ምስል ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ማስረጃ ነው። የሱቅ፣ የሕንፃና የአውቶቡስ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ የቀረፁትን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአዲስ ይደርቡበታል። ፖሊስ ይሰበስበዋል ብሎ መተማመን ደግሞ አያዋጣም፤ ሰው ካልሞተ ወይም የወንጀል ክስ ካልታሰበ ብዙ ጊዜ ማንም አይሄድበትም። አንድ ሰው በአካል ሄዶ የትኛው ካሜራ ወደ ቦታው እንደሚያይ ቆጥሮ፣ ለየባለቤቱ «ይህን ሰዓት እንዳታጠፉ» የሚል ደብዳቤ መስጠት አለበት። ጠበቃ ቀደም ብሎ ሲያዝ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ደብዳቤው የጠበቃ ከሆነ ተቀባዩ ችላ ለማለት ይከብደዋል።

መኪናውም የራሱ ማኅደር አለው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገቡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ የአደጋ መረጃ መዝጋቢ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ከግጭቱ በፊት በነበሩት 5 ሰከንዶች መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን ይይዛል። ነገር ግን ይህን መረጃ ለማውጣት መሣሪያና ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜም የዓቃቤ ሕግ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠይቃል፤ መኪናው ተጠግኖ ወይም ተሽጦ ከሄደም ያስቸግራል። ተራ ሰው ብቻውን የሚያገኘው ነገር አይደለም።

በብስክሌተኛው በኩል ደግሞ መሪው ላይ የሚታሰር የጂፒኤስ መሣሪያ ወይም ስልኩ ላይ ያለ መተግበሪያ ሊኖር ይችላል። ቦታንና ፍጥነትን በየሰከንዱ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚመዘግብ «እየበረረ መጣ» የሚለውን ክስ በአንድ መስመር ሊያፈርስ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ሊያጸናውም ይችላል። ለዚህ ነው መረጃውን ለማንም ከማሳየት በፊት ለጠበቃ ማሳየት የሚያስፈልገው፤ መደምሰስ ግን በፍጹም አይገባም፤ ማስረጃ ማጥፋት ራሱ ክስ ነው፣ የተጎጂውንም ታማኝነት ያሳጣል።

አደጋው የደረሰው በመኪና ሳይሆን በመንገዱ ጉድለት ከሆነ፣ ማለትም በጉድጓድ፣ ክዳኑ በተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ወይም ምልክት በሌለው ቁፋሮ፣ ነገሩ ይበልጥ ይጣደፋል። ጉድጓዱ በማግስቱ ሊደፈን ይችላል። ፎቶ ሲነሳ ጥልቀቱንና ስፋቱን የሚያሳይ ማስመሪያ ወይም ሜትር ውስጡ ይቀመጥ፤ አካባቢውን የሚያሳይ ሌላ ፎቶም ይነሳ። መንገዱን የሚያስተዳድረው ክፍል ስለ ጉድጓዱ ያውቅ እንደነበር ማሳየት ትልቅ ክብደት ስላለው፣ ከአደጋው በፊት ሌሎች ሰዎች ያቀረቡት አቤቱታ ካለ ቅጂውን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

የቸኮለ ስምምነት

አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ከአሽከርካሪው መድን ድርጅት ስልክ ሊመጣ ይችላል። ድምፁ ትሁት ነው፣ «እንዴት ዋልክ? እንዴት ነህ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ የሁላችንም ልማድ ነው፤ በተቀዳ ስልክ ላይ ግን ያ ቃል ከወራት በኋላ «ራሱ ደህና ነኝ ብሏል» ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። በአብዛኛው አገር ተጎጂው ለሌላው ወገን መድን ድርጅት የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም። ስሙንና የደረሰበትን ቀን ተናግሮ ዝርዝሩን በጽሑፍ ወይም በጠበቃው በኩል እንደሚመልስ ማሳወቅ ይበቃዋል።

ከዚያ ገንዘብ ይቀርባል። ሥራ የፈታ፣ የሕክምና ወጪ የተደራረበበት ሰው ፊት የተዘረጋ ገንዘብ እምቢ ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተጎጂውንም አልፈርድበትም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» ከሚል ወረቀት ጋር ነው፤ ያ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ በሩ ይዘጋል። የብስክሌት አደጋ ጉዳቶች ደግሞ ዘግይተው የሚገለጡ ናቸው። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ነው የሚወድቀው፤ በእጅ አንጓ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃ የመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳትታይ፣ «ወለምታ ነው» ተብሎ ወደ ቤት መላክ የተለመደ ነው። ስንጥቁ የሚታየው ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲደገም ነው። ሳይታከም ከቆየ አንጓው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የጭንቅላት ምትም እንዲሁ ነው፤ ማተኮር አለመቻል፣ የብርሃን መጥላት፣ መነጫነጭ፣ የእንቅልፍ መዛባት ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ በተለይ በዕድሜ በገፉና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከራስ ቅል ሥር የሚደረግ ዝግ ያለ መድማት ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የፈረንሳይ ሕግ ይህን አስቦበታል። የመድን ድርጅቱ አካሉ ለተጎዳ ሰው ቢዘገይ በ8 ወር ውስጥ የካሳ ሐሳብ ማቅረብ አለበት፤ ተጎጂው ስምምነቱን ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን ለመቀየር 15 ቀን አለው። እንዲህ ዓይነት ጥበቃ በሁሉም አገር ቢኖር ብዙ ሰው ባልተጎዳ ነበር። በሌለበት ቦታ ጥበቃው የሚገኘው ሳይፈርሙ ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው ከማሳየት ብቻ ነው።

ካሳው ምን ምን እንደሚያጠቃልልም ብዙ ተጎጂ አያውቅም። የሆስፒታል ወጪና የብስክሌቱ ዋጋ ማንም አይረሳቸውም። የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀንስ የመሥራት አቅም፣ የሕመምና የሕሊና ጉዳት፣ ወደ ሕክምና የተመላለሱበት የትራንስፖርት ወጪ፣ በቤት ውስጥ ይሠሩት የነበረው ሥራ ግን ይረሳል። ሚስት ወይም እናት ሌሊቱን እየተነሳች ያስታመመችበት ጊዜም በአንዳንድ አገሮች ሕግ ዋጋ አለው፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ያለ ክፍያ የተሰጠ የቤተሰብ እንክብካቤን በካሳ ውስጥ ይቆጥሩታል። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ቀላል ደብተር ነው። በየቀኑ ምን እንዳመመ፣ ምን መሥራት እንዳልተቻለ፣ ማን እንደረዳ በሁለት መስመር ይጻፍ።

ገጪው ሲያመልጥ

ገጭቶ ያመለጠ አሽከርካሪ ካልተገኘ ብዙዎች ጉዳዩን እዚያው ይተዉታል። አይገባም። በብዙ አገሮች ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የካሳ ፈንድ አለ፤ የእንግሊዙ የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የፈረንሳዩ ፈንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው የተመሠረቱት። በአሜሪካ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፤ ተጎጂው ወይም አብሮት የሚኖር የቤተሰቡ አባል መኪና ካለው፣ በመኪናው ውል ውስጥ ያለው መድን ከሌለው ገጪ የሚጠብቀው ሽፋን በብስክሌት ላይ ሳለ ለደረሰበትም ጉዳት ብዙ ጊዜ ያገለግላል። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ አደጋው ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ መመዝገቡን።

ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የተገጨ ሰው ሌላም በር አለው። በጀርመንና በፈረንሳይ ከቤት ወደ ሥራ በሚወስደው መንገድ ላይ የደረሰ አደጋ እንደ ሥራ አደጋ ይቆጠራል፤ ጥፋቱ የማንም ቢሆን ሕክምናው ይሸፈናል። ምግብና ዕቃ በብስክሌት የሚያደርሱ ሠራተኞች ጉዳይ ግን ገና አልጠራም። ድርጅቶቹ «የራሱ ሥራ ነው የሚሠራው» ሲሉ ሠራተኞቹ ከሥራ አደጋ መድን ውጭ ይቀራሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው መመሪያ ድርጅቱ እንደሚያዛቸውና እንደሚቆጣጠራቸው የሚያሳይ ነገር ሲኖር እነዚህ ሰዎች ተቀጣሪ እንደሆኑ ግምት እንዲወሰድና ተቃራኒውን ድርጅቱ እንዲያስረዳ ያዛል፤ አባል አገሮች በሕጋቸው እንዲያካትቱት እስከ ታኅሣሥ 2026 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ የሚውሉት እነሱ ሆነው ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ ያላቸው መሆኑ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ግፍ ነው።

ይርጋና የጠበቃ ክፍያ

የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ክስ ማቅረብ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ 3 ዓመት፣ በካሊፎርኒያ 2 ዓመት፣ በፈረንሳይ ለአካል ጉዳት ሐኪም ጉዳቱ ረግቷል ካለበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው። ወጥመዱ ያለው ተጠያቂው የመንግሥት አካል ሲሆን ነው። ኒው ዮርክ ከተማን ለመክሰስ የሚያስብ ሰው በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በካሊፎርኒያ 6 ወር ነው። በጉድጓድ የወደቀ ወይም በመንግሥት አውቶቡስ የተገጨ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ሊያሳልፈው የሚችል ጊዜ ነው።

ጠበቃ መያዝ የማይችሉ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የአካል ጉዳት ጠበቆች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ካሳ ሲገኝ ነው፤ ድርሻቸውም ብዙ ጊዜ ከካሳው ሲሶ ያህል ነው። በእንግሊዝ በተመሳሳይ ውል የሚሠራ ጠበቃ ከካሳው የሚወስደው ተጨማሪ የስኬት ክፍያ በአካል ጉዳት ጉዳዮች ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ለወደፊት ወጪና ገቢ የተሰጠው ካሳም አይነካም። በጀርመን ጥፋቱ የሌላው ወገን ከሆነ የተጎጂው የጠበቃ ወጪ ራሱ የጉዳቱ አካል ሆኖ በገጪው መድን ይከፈላል። የብስክሌተኞች ማኅበራትም አሉ፤ የእንግሊዙ ሳይክሊንግ ዩኬና የጀርመኑ የብስክሌተኞች ክበብ በአባልነት ውስጥ የሕግ ድጋፍ ያካትታሉ። ጠበቃ ሲመረጥ ውጤት በመቶኛ ቃል ከሚገባው ይልቅ በመጀመሪያው ቀን «ብስክሌቱ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን እመርጣለሁ። ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ብስክሌተኛ ለምን ከጠርዙ ርቆ እንደሚነዳ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የቀረኝ ተጎጂው ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው የአደጋውን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አያስታውስም፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ጭምር ሊያጣቸው ይችላል። ጎብኚዎች ሲጠይቁት፣ ፖሊስ ሲጠይቀው ክፍተቱን በግምት ለመሙላት ይፈተናል፤ «ምናልባት አላየሁት ይሆናል» ይላል። ይህ ግምት ተጽፎ እንደ እምነት ቃል ሊወሰድበት ይችላል። የማያስታውሰውን «አላስታውስም» ብሎ፣ የሚያስታውሰውን ደግሞ ሳይረሳው በገዛ እጁ ወይም በቤተሰቡ እጅ አስጽፎ ቀኑን ይጻፍበት። ከየት እንደተነሳ፣ ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ ያየው መብራት ምን ዓይነት እንደነበር። እሱ ያላየውን ጎማው፣ ካሜራውና አስፋልቱ ላይ የቀረው ጭረት አይተውታል።